እግር መሬት ሳይነካ

ለሞተሩ የሚሳሳ ሰው ኦሞራቴ ላይ ቀኑን የሚጀምረው ስፖንጅ በማጠብ ነው። ፀሐይዋ ሳትበረታ የጎን ሽፋኑን ይፈታል፤ ፊልትሮውን ያወጣል፤ በጣሳ በያዛት ጥቂት ቤንዚን ውስጥ ይነክረዋል። ይጨምቀዋል እንጂ አይጠመዝዘውም፤ የተጠመዘዘ ስፖንጅ ይተረተራል። ከጣሳው ሥር የሚዘቅጠው ቡናማ ጭቃ የትናንትናው መንገድ ነው። ስፖንጁ ጥላ ሥር ከደረቀ በኋላ ጥቂት ዘይት ይጠጣል፤ እንደገና ይጨመቅና ወደ ቦታው ይመለሳል። ደረቅ ስፖንጅ ደቃቁን አቧራ ያሳልፋል፤ አንቆ የሚያስቀረው ዘይቱ ነው።

ሥራው ብዙ ደቂቃ አይፈጅም። ካልተሠራ ግን አቧራው በካርቡሬተሩ በኩል ሲሊንደር ውስጥ ይገባና ፒስተኑንና ፋሻውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳቸዋል። ከዚያ ወዲያ ሞተሩ በየሳምንቱ ጉልበት ያጣል። ፔዳሉ ሲረገጥ እግርን ወደ ላይ የሚመልሰው ኃይል ይላላል፤ ዳገት ላይ ማርሽ ይበዛበታል፤ በመጨረሻም በማለዳ አልነሣም ይላል።

ኦሞራቴ የዳሰነች ወረዳ ከተማ ናት። ከጂንካ ተነሥቶ በቀይ አፈር፣ በዲመካና በቱርሚ በኩል ወደ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲወረድ ኦሞ ወንዝ ዳር ትገኛለች። ጂንካ ከባሕር ጠለል በላይ 1,450 ሜትር ያህል ከፍ ስትል ኦሞራቴ 400 ሜትር እንኳ አትሞላም፤ ወንዙ ከእርሷ ዝቅ ብሎ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። አስፋልቱ ከተማዋ ድረስ ይደርሳል። ሥራው ያለው ግን ከአስፋልቱ ውጭ ነው። ከብት የሚከትብ ባለሙያ፣ መድኃኒት የሚያደርስ የጤና ሠራተኛ፣ ማሽላው በተዘራበት የወንዝ ዳር ማሳ የሚዞር የግብርና ሠራተኛ ሁሉ የሚሄዱት ኦሞ ባስቀመጠው ደለል ላይ ነው። ይህ ደለል ሲደርቅ እንደ ዱቄት ይቦናል፤ ሲረጥብ ደግሞ እንደ ሙጫ ይይዛል።

በኢትዮጵያ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችና የረድኤት ድርጅቶች እንዲህ ላለው መንገድ ለብዙ ዓመታት ከያዟቸው ሞተሮች መካከል ሁለቱ ያማሃዎች፣ ኤጂ 100 እና ዲቲ 125፣ በደንብ ይታወቃሉ። ሁለቱም በአየር የሚቀዘቅዙ፣ ባለ አንድ ሲሊንደርና ባለ ሁለት ምት ናቸው። ኤጂ 100 የተነደፈው በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ሰፋፊ እርሻዎች ላይ በግና ከብት ለሚከተሉ ገበሬዎች ነው፤ ስሙም “ግብርና” ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት ወስዷል። የሞተሩ መጠን 97 ሲሲ ብቻ ነው።

ከሩቅ ሲያዩት መልኩ አይማርክም። ቀረብ ብሎ ለሚያየው ግን እያንዳንዱ ብረት ምክንያት አለው። ካቴናው ከዳር እስከ ዳር በሽፋን ተከድኗል፤ አሸዋ አያገኘውም። ዕቃ መጫኛው ከፊትም ከኋላም ስለሆነ የክትባት ሣጥን ከኋላ፣ ውኃና መፍቻ ከፊት ይታሰራል። ማቆሚያው በግራም በቀኝም ነው፤ መሬቱ ወደየትም ቢያዘነብል ሞተሩ ሳይወድቅ ይቆማል። ፍሪሲዮኑን እንደተጨበጠ የሚያስቀር ትንሽ መያዣም አለው። ይህ መጀመሪያ የታሰበው ገበሬው ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ የአጥር በር እንዲከፍት ነበር። እዚህ ከብት መንገድ ሲዘጋ ወርዶ ለማሳለፍ ይጠቅማል።

ባለ ሁለት ምት ማለት ምን እንደሆነ ማወቅ ለጥገናው ይረዳል። ባለ አራት ምት ሞተር ጉልበት የሚሰጠው ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር አንዴ ነው፤ ባለ ሁለት ምቱ በየዙሩ ይሰጣል። ቫልቭ የሚባል ነገር ሲሊንደሩ አናት ላይ የለም። ፒስተኑ ራሱ ሲወጣና ሲወርድ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች እየከፈተና እየዘጋ ያስገባል፣ ያስወጣል። የሚንቀሳቀሰው ነገር ጥቂት ስለሆነ ጥቂት መፍቻ የያዘ ሰው ዛፍ ጥላ ሥር ሸራ ዘርግቶ ሊፈታው ይችላል። ዋጋው ደግሞ ዘይት ነው፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይቃጠላል። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1964 ኦቶሉብ የሚባለውን ፓምፕ ከማምጣቱ በፊት አሽከርካሪው ዘይትና ቤንዚን በእጁ መጥኖ ይቀላቅል ነበር። ፓምፑ ዘይቱን ለብቻው ከተቀመጠበት ጋን እየሳበ በነዳጁ መጠን ይለካል። የዘይቱን ጋን ሳያይ የሚነሣ ሰው ግን ፓምፑ አያድነውም፤ ዘይት ያጣ ፒስተን ግሎ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል።

ጋራዥ ውስጥ የሚሰማው ቋንቋ ለብቻው ታሪክ አለው። ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ቸርኬ፣ ጎሚስታ፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ሞተሩ የጃፓን ነው፤ የአካሎቹ ስም ግን የሮም ነው፤ የሚፈታው ልጅ ደግሞ የአሪ ወይም የሐመር ሊሆን ይችላል።

የእነዚህ ሞተሮች የቅርብ ዘመዶች በሌላው ዓለም ለጨዋታ ተሠርተዋል። ጨዋታው ትራያል ይባላል። ፍጥነት አይቆጠርበትም። ተወዳዳሪው ድንጋይ፣ ጭቃ፣ የወራጅ ውኃ አለትና ቀጥ ያለ ዳገት በተመረጠበት አጭር ክፍል ውስጥ እግሩ መሬት ሳይነካ ማለፍ አለበት። አንዴ ከነካ አንድ ነጥብ ይቆጠርበታል፤ ሁለቴ ከሆነ ሁለት፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ሦስት። ከወደቀ ወይም ማለፍ ካቃተው አምስት ይመዘገብበታል፤ የሚያሸንፈውም አነስተኛ ነጥብ ያለው ነው። የታወቀው ውድድር በስኮትላንድ ተራሮች ለስድስት ቀናት የሚካሄደው ነው። እዚያ ለብዙ ዘመን የነገሡት ከባዶቹ ባለ አራት ምት የእንግሊዝ ሞተሮች ነበሩ። ሳሚ ሚለር የተባለው የሰሜን አየርላንድ ሰው ግን ቡልታኮ ሼርፓ የሚባለውን ቀላል ባለ ሁለት ምት ሞተር ከስፔን ፋብሪካ ጋር አብሮ ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1965 ውድድሩን በእርሱ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ሚክ አንድሩስ ኦሳ በተባለ የስፔን ሞተር ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸነፈ፤ ያማሃም ጠርቶ ወሰደውና ቲዋይ የተባለውን የትራያል ሞተር አብረው ሠሩ። በዚህም አንድሩስ እ.ኤ.አ. በ1974 እና በ1975 ደግሞ አሸንፏል። እነዚያ ሞተሮች ዛሬ አሮጌ ናቸው፤ የሚወዷቸው ሰዎች ግን ፋሻና ኩሽኔታ እየቀየሩ አሁንም ይነዷቸዋል።

ትራያል ያስተማረው ትልቁ ነገር መቆም ነው። ነጂው ወንበሩን ትቶ በእግር መርገጫው ላይ ይቆማል፤ ጉልበቱን ላላ ያደርጋል፤ ሞተሩ ከሥሩ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሲወዛወዝ ሰውነቱ ግን መሐል ላይ ይቆያል። የጎማው ንፋስም በጣም ዝቅ ይላል፤ በዛሬዎቹ የትራያል ሞተሮች የኋላው ጎማ የሚይዘው አምስት ፒኤስአይ ገደማ ብቻ ስለሆነ ድንጋዩን እንደ መዳፍ አቅፎ ይይዛል።

ደቡብ ኦሞ ውስጥ ድንጋዩን በአሸዋ ይተኩት። ከቱርሚ አቅራቢያ እንዳለው እንደ ካስኬ ያለ ወንዝ በበጋ ሲደርቅ ከዳር እስከ ዳር አሸዋ ነው። ልምድ የሌለው ሰው የፊት ጎማው መዋኘት ሲጀምር ይደነግጣል፤ ነዳጅ ይቀንሳል፤ ቁጭ ብሎ ሁለቱንም እግሮቹን ያወርዳል። ይህን ጊዜ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ ይመጣል፣ ጎማው ይቀበራል፣ ሞተሩ ይወድቃል። መሬት የነካው እግርም ሞተሩ እየገፋ ሲመጣ በመርገጫው ሥር ሊጠመዘዝ ይችላል፤ የጉልበትና የቁርጭምጭሚት ጉዳት የሚመጣው በዚህ ነው። የለመደው ሰው ወንዙ ሳይደርስ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ይገባል፤ ይቆማል፤ ክብደቱን ወደ ኋላ ያደርጋል፤ ዓይኑን ከጎማው ላይ አንሥቶ ማዶ ላይ ያሳርፋል። ነዳጁን እኩል አድርጎ ይይዛል እንጂ አያወዛውዝም። ረጅም አሸዋ ካለ አስቀድሞ ንፋስ ይቀንሳል፤ ሲጨርስ ደግሞ በእጅ መንፊያ ይሞላል። ከመነዳሪ ያለው ጎማ ከመጠን በላይ ከተነፈሰ ጎማው ቸርኬው ላይ ተንሸራቶ የንፋስ መግቢያውን ስለሚቆርጥ መጠኑን ማወቅ ያስፈልጋል። የግራር እሾህ ያለበት አገር ስለሆነ ደግሞ ማጣበቂያና ትርፍ ከመነዳሪ ሳይያዝ አይወጣም።

አዲስ አበባ ላይ በሚገባ ተስተካክሎ የሚሠራ ሞተር ኦሞራቴ ሲወርድ ሌላ ጠባይ ያመጣል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ስለዚህ እዚያ የሚገጠመው ጂግለር፣ ማለትም ቤንዚን የሚያሳልፈው ቀዳዳ፣ አነስ ያለ ነው። ቆላ ሲወረድ አየሩ ይወፍራል፤ ቤንዚኑ ግን አይጨምርም። ድብልቁ ሲሳሳ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል። ይህን የሚናገረው ካንዴላው ነው። ተፈትቶ ሲታይ ጫፉ የተቆላ ቡና መልክ ካለው ደኅና ነው። ጠቁሮ ከረጠበ ቤንዚን ወይም ዘይት በዝቷል፤ ነጥቶ ከደረቀ አንሷል። መልሱ ተለቅ ያለ ጂግለር መግጠም ወይም የካርቡሬተሩን መርፌ አንድ እርከን ከፍ ማድረግ ነው።

ቤንዚኑ ራሱም ይጠረጠራል። ማደያ በራቀበት ቦታ ቤንዚን የሚገዛው መንገድ ዳር በሃይላንድ ከሚሸጡ ሰዎች ነው። ሃይላንዱን ብርሃን ላይ አንሥቶ ማየት፣ ከሥሩ የተለየ ነገር እንደ ዕንቁላል አስኳል ቢንከባለል ውኃ መሆኑን ማወቅ፣ ጋኑ ውስጥ በነጠላ ጨርቅ አጥልሎ መጨመር ልማድ መሆን አለበት። ያመለጠው ውኃ ካርቡሬተሩ ሥር ባለው ጽዋ ይጠራቀማል፤ ከታች ያለችውን ብሎን ፈታ ማድረግ ያስወጣዋል።

አፍሪካ ውስጥ ሞተርና ጥገናው አብረው ሊታሰቡ እንደሚገባ ያሳየ ታሪክ ከጎረቤታችን ከሶማሊያ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1988 አሜሪካዊው የሞተር እሽቅድምድም ተወዳዳሪ ራንዲ ማሞላ እዚያ ሄዶ ጤና ጣቢያ የሚያገለግሉ ሞተሮች በቀላል ብልሽት ተጥለው አየ። እርሱና ባሪና አንድሪያ ኮልማን የተባሉት ባልና ሚስት ከዚያ በኋላ ራይደርስ ፎር ሄልዝ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ በጋምቢያ፣ በዚምባብዌና በሌሴቶ ሠርተዋል። አሠራራቸው ነጂው ራሱ በየማለዳው ቤንዚን፣ ዘይት፣ ካቴና፣ ብሎንና ፍሬን እንዲያይ፣ የሚያልቅ ዕቃም ሳይሰበር በቀኑ እንዲቀየር ነበር። በብዙ የወረዳ ግቢዎች ጥግ ላይ ጎማቸው ረግቦ የቆሙት ሞተሮች ይህ አሠራር የጎደላቸው ናቸው። አንድ ሞተር ለጤና ሠራተኛ ሲሰጥ ትርፍ ፊልትሮ፣ ሁለት ካንዴላና የሳምንት የመንዳት ሥልጠና አብሮ ካልተሰጠ፣ ክትባቱ የሚጠበቅበት መንደር ሳይደርስ ይቀራል።

ዛሬ በጂንካ መንገዶች ላይ ሰው የሚያመላልሱት ሞተሮች በአብዛኛው የሕንድ ባለ አራት ምቶች ናቸው። ቤንዚን ይቆጥባሉ፤ ዕቃቸውም በቀላሉ ይገኛል። ጎማቸው ግን ለአስፋልት የተሠራ ነው፤ የፊት መክደኛቸውም ጎማው ላይ ተጠግቶ ስለተሠራ የኦሞ ጭቃ በመካከላቸው ገብቶ ሲጠነክር ጎማው መዞር ያቆማል። የዲቲው መክደኛ ከፍ ብሎ የተሰቀለው ለዚህ ነው።

ወንዙ የሚሞላበት ጊዜ የሁሉንም ሞተር መንገድ ይቆርጣል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት የኦሞ ሙላት በዳሰነች በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አፈናቅሏል። ውኃ ውስጥ የጠፋ ሞተር ፔዳሉ ወዲያው አይመታም፤ ውኃ አይታመቅምና ቢየላውን ያጣምማል። ተገፍቶ ደረቅ መሬት ላይ ይወጣል። ካንዴላው ይፈታል፤ ፊልትሮው ይወጣል፤ የካርቡሬተሩ ጽዋ ይፈሳል። ከዚያ ሞተሩ በኋላ ጎማው ቀጥ ብሎ እንዲቆም ይነሣና ማርሚታው ውስጥ የገባው ውኃ ይንቆረቆራል። ወደ ቦታው ሲመለስ ካንዴላው እንደተፈታ ፔዳሉ ደጋግሞ ይመታል፤ ጭጋግ የመሰለ ውኃ ከሲሊንደሩ አናት ይረጫል። ጭጋጉ ሲያልቅ በቀዳዳው በኩል ጥቂት ዘይት ይንጠባጠባል፤ የደረቀው ካንዴላ ይጠብቃል። ፔዳሉ እንደገና ይመታል፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አንዳንዴም አሥር ጊዜ፣ ከማርሚታው ጫፍ ሰማያዊው ጢስ እስኪወጣ።