ዓይነቱ ይታወቃል፤ ደረጃው ያከራክራል

ባለፈው ሰሞን ከአያታችን የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ሦስት የመዳብ ሣንቲሞች አገኘን። በአንደኛው ገጽ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መልክ፣ በሁለተኛው ገጽ አንበሳ፣ ከዚያም ፲፱፻፴፮ የሚል ዓመተ ምሕረት ይታይባቸዋል። ሦስቱንም የአንድ ዓመት ሥራ ናቸው ብለን ልንመዘግብ ብዕራችንን ካነሣን በኋላ ነገሩን ብንመረምረው መሳሳታችንን ተረዳን። 1936 ዓ.ም. የሚለው ቁጥር ሳይለወጥ ብዙ ዘመን ቆይቷል፤ ከዚያ በኋላ የተመቱትም ሣንቲሞች ይህንኑ ዓመት ይዘው ወጥተዋል። እንግዲህ በሣንቲሙ ላይ የተጻፈው ዓመት ብቻውን ስለ ሣንቲሙ ልደት አይመሰክርም ማለት ነው።

እነዚህ ሣንቲሞች መጀመሪያ የተመቱት በአሜሪካ አገር በፊላዴልፊያ ከተማ በሚገኘው የመንግሥት የገንዘብ ማተሚያ ቤት ነው። ይኸው ቤት በ1793 (ከዚህ ወዲያ ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ሰፋፊ የመዳብ ሣንቲሞች መምታት ጀምሮ እስከ 1857 ዘልቋል። ከተጻፈው ዓመት አልፈው ሣንቲምን በዓይነቱ ለሚለዩ ሰብሳቢዎች ከእነዚህ የበለጠ ሰፊ መስክ አይገኝም።

ዓይነት ሲባል ምን ማለት ነው? ሣንቲም የሚመታው ክቡ መዳብ በሁለት የብረት ማኅተሞች መካከል ተጨፍልቆ ነው። በዚያ ዘመን ፊደሉና ቁጥሩ በማኅተሙ ላይ የሚቀረጸው አንድ በአንድ፣ በሰው እጅ ነበር። ስለዚህ ሁለት ማኅተሞች ፈጽሞ አይመሳሰሉም፤ በአንደኛው ፊደሉ ዘመም ይላል፣ በሌላው ቅጠሉ ይረዝማል። ብረቱም እየመታ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ በሣንቲሙ ላይ ከፍ ያለ መሥመር ሆኖ ይታያል። የፊቱ ማኅተም ከጀርባው ማኅተም ጋር የተጣመረበት እያንዳንዱ ጥምረት አንድ ዓይነት ይባላል።

የቀራጮቹ ስሕተትም ለሰብሳቢው ሲሳይ ነው። በ1793 የመጀመሪያዎቹ ሣንቲሞች ጀርባ ላይ 15 ቀለበት ያለው ሰንሰለት ነበረ፤ ከማኅተሞቹ በአንዱ ላይ የአገሪቱ ስም ሳይፈጸም «አሜሪ» ተብሎ ቀርቷል። ሰንሰለት ለነፃነት ምልክት አይሆንም የሚል ነቀፌታ ስለተነሣ በዚያው ዓመት በቅጠል ጉንጉን ተተካ። በ1794 ከተሠሩት ማኅተሞች አንዱ በዳርቻው ዙሪያ 94 ጥቃቅን ኮከቦች አሉት። እኛን ከሁሉ ይልቅ ያሳቀን ግን የ1801ዱ ነው። አንድ መቶኛ ተብሎ 1/100 መጻፍ ሲገባው 1/000 ተብሏል፤ የሒሳብ መምህሮቻችን ቢያዩት ምን ይሉ ነበር! ከጉንጉኑም ግንዶች አንዱ ተረስቷል፣ የአገሪቱም ስም የመጀመሪያ ፊደል ተበላሽቶ ሁለት ቋሚ መስሏል። በአንድ ማኅተም ላይ ሦስት ስሕተት!

እነዚህን ዓይነቶች በቁጥር የደለደሏቸው ዶክተር ዊልያም ሼልደን ናቸው። በ1949 ባሳተሙት መጽሐፍ ከ1793 እስከ 1814 የተመቱትን ከ1 እስከ 295 ቁጥር ሰጥተዋቸዋል። ሰብሳቢው ማጉያ መነጽሩን ይዞ የፊደሎቹን አቀማመጥ፣ የስንጥቁንም አቅጣጫ ካየ በኋላ «ይህ ቁጥር 219 ነው» ይላል፤ ሌላው ሰብሳቢ አይቶ ወይ ይስማማል፣ ወይ ስሕተቱን በጣቱ ያሳየዋል። ክርክሩ እዚያው ያልቃል።

በደረጃው ግን እንዲህ አይደለም። ዶክተር ሼልደን የሣንቲሙንም ይዞታ ከ1 እስከ 70 ባለው ቁጥር መዘኑ። ዓይነቱን ለመለየት ብቻ የሚበቃው ያለቀ ሣንቲም 1፣ እንከን የሌለው ደግሞ 70 ነው። ሐሳባቸው ደረጃው በመነሻው ዋጋ ሲባዛ የሣንቲሙን ዋጋ ይሰጣል የሚል ነበር። ገበያው ይህን ስሌት ብዙም ሳይቆይ አፈረሰው፤ ቁጥሩ ግን ሥር ሰድዶ ዛሬ ለሌላውም ሣንቲም ሁሉ ያገለግላል። ችግሩ፣ አንዱ መርማሪ 30 ያለውን ሌላው 20 ማለቱ ነው። መዳብ በተለይ አስቸጋሪ ነው፤ ሲወለድ ቀይ ሆኖ ቀስ በቀስ ቡናማ ይሆናል፣ እርጥበት ሲያገኘው አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። በ1967 የተመሠረተው የጥንታዊ የአሜሪካ መዳብ ሰብሳቢዎች ማኅበር አባሎች ፊቱ ያላለቀ እንኳ ቢሆን ለዝገቱና ለጭረቱ ነጥብ ይቀንሱበታል፤ ነጋዴው ደግሞ ቸር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ገንዘብ ነው።

እስከዚህ ድረስ ዶክተሩን አንቱ ብለናቸዋል፤ የሚቀጥለውን ስንጽፍ ግን ብዕራችን ጥቂት አመነታ። ሙያቸው የሥነ ልቦና ጥናት ሲሆን፣ የሰውንም አካል በሦስት ቁጥሮች፣ እያንዳንዱን ከ1 እስከ 7 እየመዘኑ ጠባዩን ከቅርጹ እናነባለን ይሉ ነበር፤ ይህ ትምህርታቸው ዛሬ ተቀባይነት አጥቷል። በኒው ዮርክ የሚገኘው የአሜሪካ የሣንቲም ጥናት ማኅበር ጆርጅ ክላፕ የተባሉ ሰብሳቢ በስጦታ ያስረከቡትን የመዳብ ሣንቲሞች ይጠብቅ ነበር። ዶክተር ሼልደን ለጥናት እየገቡ መልካሙን ሣንቲም ወስደው በምትኩ የራሳቸውን ዝቅተኛ አስቀመጡ። የተለወጡት ከመቶ በላይ ናቸው።

ማንም ያላወቀበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቆጣሪ ቢመጣ ቁጥሩ ሙሉ ነው፤ ዓይነቱም ከመዝገቡ ጋር ይስማማል። የጎደለው ደረጃው ብቻ ነው፤ ደረጃ ደግሞ አስተያየት ነውና «ያን ጊዜ መዛኙ ቸር ነበር» ተብሎ ይታለፋል። ሌባው የገባው ራሱ በሠራው በር ነው።

ዶክተሩ በ1977 ሞቱ። ነገሩ የወጣው ከዚያ በኋላ ሣንቲሞቹ ከቀድሞ ፎቶግራፎችና መግለጫዎች ጋር አንድ በአንድ በተነጻጸሩ ጊዜ ነው። ዓይነቱ የማኅተሙ ቢሆንም ጭረቱና ጠባሳው የእያንዳንዱ ሣንቲም የብቻው ነው፤ እንደ ሰው አሻራ። ሣንቲሞቹን ከዶክተሩ የገዛው ሰብሳቢ ይርጋን ቢጠቅስም፣ በ1996 የካሊፎርንያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ጊዜው የሚቆጠረው ከስርቆቱ ቀን ሳይሆን ባለንብረቱ ካወቀበት ጊዜ ጀምሮ ነው ብሎ ለማኅበሩ ፈረደ።

እኛም ይህን ካነበብን በኋላ ሦስቱን ሣንቲሞች ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጠን በመነጽር ተመለከትናቸው። ሁለቱ ቡናማ ናቸው፤ በአንዱ ላይ ከአንበሳው እግር በታች ቀጭን ጭረት አለ፤ ጭረቱን በማስታወሻችን ሥለን፣ ፎቶግራፍም አነሣን። ሦስተኛውን አወቅነው። በልጅነታችን አያታችንን ለማስደሰት ብለን በሎሚና በአመድ የፈተግነው እሱ ነው። ያን ዕለት እንደ ወርቅ አብርቶ ነበር፤ አሁን ከወንድሞቹ አጠገብ ሐመልማላዊም ቀይም ያልሆነ የገረጣ መልክ ይዟል፣ የአንበሳውም ጋማ ጠፍቷል።