ያውቁ ኖሯል? በጃቫ ማሽን የሚሠሩ ባዕዳን ልሳናት

ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1995 ይፋ ያደረገው ጃቫ የተሰኘው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ትእዛዙ አስቀድሞ ባይትኮድ ወደሚባል መካከለኛ ጽሑፍ ተለውጦ፣ ግዙፍ አካል በሌለው ረቂቅ ማሽን፣ ማለት በቨርችዋል ማሽን፣ እንዲፈጸም ሆኖ የተሠራ ስለ ነበረ፣ ማሽኑም የባይትኮዱን ሥርዓት እንጂ የቋንቋውን ትውልድ የማይመረምር በመሆኑ፣ ግሩቪ፣ ስካላ፣ ክሎዠርና ኮትሊን የተባሉ ባዕዳን ልሳናት ገብተው የጃቫን ርስት ተካፈሉ፤ ርስት ያልሁትም ብዙዎች የደከሙባቸውን የተዘጋጁ የፕሮግራም መዛግብት ነው። ከእነርሱ ዕድል የቀናው ኮትሊን ይመስለኛል፤ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 ለአንድሮይድ ተቀብሎት በ2019 ተመራጭ ስላደረገው፣ ከደብረ ሲና ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ በአንድሮይድ ስልኩ ከሚከፍታቸው መተግበሪያዎች አንዳንዶቹ በኮትሊን የተጻፉ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ በዚያ ግን ባይትኮዱ ለአንድሮይድ የራሱ ማሽን እንዲስማማ ዳግመኛ ይለወጣል።