«ለጊዜው ነው» እያልን ያለፉት ዓመታት
በዲፕስሉት ሱቅ ውስጥ በርቀት ስለ መማር

«ለጊዜው ነው» የምትለው አባባል ደቡብ አፍሪካ በምንኖር ኢትዮጵያውያን አፍ ላይ አትጠፋም። ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ ወይም ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያንና ማላዊን አቆራርጦ ጆሃንስበርግ የደረሰ ወገናችን ዲፕስሉት ሎኬሽን ውስጥ ሱቅ ሲገባ ሐሳቡ አጭር ነው። ሁለት ዓመት ሠርቶ የመንገዱን ዕዳ መክፈል፣ ከዚያም ጥሪት ይዞ መመለስ ወይም ወደ ሌላ አገር ማለፍ። ሁለቱ ዓመት ግን አምስት ይሆናል፣ አምስቱም አሥር። የጥገኝነት ወረቀቱ በ3 ወር ወይም በ6 ወር ይታደሳል፤ ዕድሜው ግን በዓመት ይቆጠራል።

ውድ አንባቢያን፣ ቆይታችን ረጅም መሆኑን ወደድንም ጠላንም ኑሮው ራሱ ነግሮናል። የቀረው ጥያቄ ዓመታቱን በምን እንሙላቸው የሚለው ነው። ከመልሶቹ አንዱ ትምህርት ነው እንላለን፤ ያውም ሱቅ ሳይዘጋ፣ ሥራ ሳይለቀቅ በርቀት የሚማሩት ትምህርት።

ዲፕስሉት ራሱ የ«ለጊዜው» ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ከዜቨንፎንቴን የተነሱ ሰዎች ቋሚ ቦታ እስኪያገኙ የሚቆዩበት መሸጋገሪያ ሆኖ ተመሠረተ። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ሲደረግ ከ130 ሺህ በላይ ሰው ይኖርበት ነበር። ለጊዜው የተተከለው ቆርቆሮ ቤት ከተማ ሆነ፣ ልጆችም ተወለዱበት፣ አደጉበት። ትምህርት ቤትና ክሊኒክ የመጣው ሰዉ «እዚሁ ነን» ብሎ ከቆመ በኋላ ነው።

ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከዲፕስሉት በስተ ሰሜን ምሥራቅ ፕሪቶሪያ ያለው የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ፣ ሁሉም በአጭሩ ዩኒሳ የሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ1873 የተመሠረተና ከ1946 ጀምሮ በርቀት የሚያስተምር ተቋም ነው። ድሮ ትምህርቱ በፖስታ ሲላክ ዛሬ በኢንተርኔት ይመጣል። በ1962 ወደ አገራችን መጥቶ ኮልፌ ላይ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው ኔልሰን ማንዴላ፣ በ1943 የተመረቀበትን የመጀመሪያ ዲግሪ የጨረሰው በዩኒሳ የተልእኮ ትምህርት ነበር። የሕግ ዲግሪውንም በ1989 ገና እስረኛ ሳለ ከዚያው አገኘ። የትግል ጓዱ አህመድ ካትራዳም እስር ቤት ሆኖ በዩኒሳ ከአንድ በላይ ዲግሪ ይዟል። የእስር ዘመናቸው መቼ እንደሚያበቃ አያውቁም ነበር፤ ቢሆንም ነገ እንፈታ ይሆናል ብለው መጽሐፉን አላስቀመጡትም።

ዩኒሳ ለአገር ቤት ወገኖቻችንም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 አዲስ አበባ አቃቂ ላይ ማዕከል ከፍቶ፣ በርካታ የዩኒቨርሲቲ መምህሮቻችን ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪያቸውን በእርሱ በኩል ሠርተዋል።

«ስደተኛ መማር ይፈቀድለታል ወይ?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2003 የብሎምፎንቴኑ ጠቅላይ የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ዋቸኑካ ተብሎ በሚታወቀው ጉዳይ፣ ጥገኝነት ጠያቂዎች እንዳይሠሩና እንዳይማሩ በጅምላ የተጣለውን ክልከላ ሽሯል። ሰብዓዊ ክብር ዜግነት አይመርጥም የሚለው ሐሳብ የፍርዱ መሠረት ነው። ሆኖም ከጥር 1 ቀን 2020 ጀምሮ የተሻሻለው የስደተኞች ሕግ ሥራ ላይ ስለዋለ፣ የመሥራትና የመማር ፈቃድ ወረቀቱ ላይ መጻፉ ወሳኝ ሆኗል። ስለዚህ በኪሳችሁ ያለውን ወረቀት አውጥታችሁ አንብቡት። ያልገባችሁ ነገር ካለ ወሬ ከመስማት የሕግ ባለሙያ ጠይቁ። ደግሞም መመዝገብ ብቻውን ወረቀት አያድስም፣ መኖሪያ ፈቃድም አይሆንም። እንዲህ ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ደላላ ቢመጣ በሩን አሳዩት።

ቀጥሎ የሚመጣው የትምህርት ማስረጃ ነው። ከኢትዮጵያ የመጣ ሰርተፊኬት እዚህ ከየትኛው ደረጃ ጋር እንደሚመጣጠን የሚመዝነው፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ሳቃ የሚባለው የአገሪቱ የብቃት ማረጋገጫ ባለሥልጣን ነው። ለዲግሪ ሲሆን ከዩኒቨርሲቲዎች ኅብረት የመግቢያ ማረጋገጫ ሊጠየቅም ይችላል። ይህ ጊዜ ስለሚወስድ የምዝገባው ማስታወቂያ ሳይወጣ መጀመር ይበጃል። ሰርተፊኬቱ አገር ቤት የቀረ ሰው ከአሁኑ ቤተሰቡን ይላክበት። ከዩኒሳ ሌላ ኮሌጅ የሚመርጥም ከመክፈሉ በፊት ኮሌጁ በከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር መመዝገቡን ያረጋግጥ፤ ጽሕፈት ቤት ተከራይተው የማይረባ ወረቀት የሚሸጡ አሉና።

አሁን ወደ ሱቁ እንግባ። ከንጋት እስከ ምሽት ከባንኮኒ ጀርባ የሚቆም ሰው መቼ ያጠናል? አገር ቤት የማታ ትምህርት የተማረ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ቀን ሥራ ውሎ፣ ማታ እያንጎላጀ ደብተር የገለጠ ትውልድ ነው ብዙውን ቢሮ የሞላው። እዚህም ከቀትር በኋላ ገበያው ቀዝቀዝ የሚልባት ሰዓት አለች። የስልክ ኩባንያዎች ከእኩለ ሌሊት በኋላ በርካሽ የሚሸጡት ዳታም አለ። ትምህርቱን ሌሊት አውርዶ ቀን ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ወጪ ይቀንሳል። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉንም ኮርስ ማንሳት አያስፈልግም፤ ሁለት ይዞ ማለፍ አምስት ይዞ ከመውደቅ ይሻላል።

አየሩንም ማወቅ ያስፈልጋል። የሐሩር መስመር የሚያልፈው ሊምፖፖ ላይ ነው። በሙሲና በኩል የገባ ሰው ያንን ሙቀት ለምዶ ይመጣና፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ የሆነው የጆሃንስበርግ ብርድ ያስደነግጠዋል። በሰኔና በሐምሌ የቆርቆሮ ሱቅ ሌሊቱን እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ደግሞ ከሰዓት በኋላ መብረቅ የቀላቀለ ዝናብ ይወርዳል፣ መብራትም ይሄዳል። ፈተናው በአብዛኛው ግንቦትና ሰኔ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ስለሚውል ብርዱም ነጎድጓዱም አያመልጡትም። እ.ኤ.አ. በ2023 መብራት በፈረቃ ሲጠፋ የነበረበትን ጊዜ የሚረሳ የለም። የተሞላ ባትሪና ተጨማሪ ሲም ካርድ ለተማሪ እንደ እስክሪብቶና ደብተር ናቸው።

ከ2020 ወዲህ የዩኒሳ ፈተና ወደ ኢንተርኔት ዞሯል። በስልክ የሚጫን የፈተና ተቆጣጣሪ ተፈታኙን ፎቶ ያነሳል፣ ድምፅም ይቀዳል። ደንበኛ እያንኳኳ፣ ሙዚቃ እየጮኸ፣ ጓደኛ እያወራ የሚፈተን ሰው ሳያጠፋ ሊጠረጠር ይችላል። ስለዚህ ለዚያች ሰዓት ጸጥ ያለ ክፍል የግድ ነው።

«ተምሬስ ማን ይቀጥረኛል?» የሚል ወገን አለ። እውነት አለው። ዲግሪ ብቻውን ሥራ አያስገኝም፣ የጥገኝነት ወረቀት ያየ ቀጣሪም ያመነታል። ነገር ግን ሒሳብ አያያዝ የተማረ ባለሱቅ የት እንደሚከስር ያውቃል፤ ሕግ ያነበበ የሚፈርመውን ውል ያነባል። በሚያዝያ 2022 ዲፕስሉት ውስጥ በተነሳው ቁጣ አንድ ዚምባብዌያዊ ስደተኛ በግፍ ሲገደል፣ ብዙዎቻችን ሱቃችንን ዘግተን ያደርንበትን ሌሊት እናስታውሳለን። ዕቃ በአንድ ሰዓት ይዘረፋል። ያለፉት ኮርስ ውጤት ግን በዩኒቨርሲቲው መዝገብ ላይ ይኖራል፤ የትም አገር ብንሄድ ይከተለናል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ዕድራችን ለሐዘን የሚገዛው ድንኳንና ወንበር አለው፤ ለፈተና ሰሞን አንድ ጸጥ ያለ ክፍልና ጠረጴዛ ማዘጋጀት አይከብደውም። ዕቁባችን ዕጣውን የምዝገባ ክፍያ ለደረሰበት ተማሪ ቢያስቀድም ማንም አይጎዳም። የሱቅ ሸሪክ በፈተና ቀን ባንኮኒውን ለጓደኛው ቢይዝለት፣ ያ ሰው በተራው ይይዝለታል። እኅቶቻችንም ከሱቅ ሥራው በላይ የቤቱና የልጁ ጭነት ስላለባቸው ቅድሚያ ይገባቸዋል።

የሚመጣውን ወረቀት ለማደስ ሆም አፌርስ የምንጠብቀው 6 ወር፣ ብንማርም ባንማርም ያልፋል። ሁለት ኮርስ ጨርሶ ቢያልፍ አይሻልም?