ጠያቂ ሲሳሳ የሚጀምረው ሥራ

አውደ ምሕረት ላይ «አንድ ወንድማችን ታሟልና እጃችሁን ዘርጉ» ሲባል የምትሰሙት የሥራውን ትንሹን ክፍል ነው። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ደብር ሥር ያለ የጽዋ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ውስጡን በጆሯችሁ ልንገራችሁ፤ ስምና ሰፈር ግን አትጠይቁኝ።

ከማኅበርተኞቻችን የአንዱ ኩላሊት ሥራ አቆመና እጥበት ገባ። እጥበት ማለት በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን አራት ሰዓት ያህል ከማሽን ጋር ተያይዞ መዋል ነው። መጀመሪያ ሰሞን ቤቱ መቀመጫ ጠፍቶበት ነበር። የሚመጣው ሁሉ ሙዝና ብርቱካን ይዟል። ለእንዲህ ያለ ሕመምተኛ ደግሞ ሐኪም አስቀድሞ የሚከለክለው እነዚህኑ ነው፤ ፖታሲየማቸው ብዙ ነው፣ ደም ውስጥ ሲከማች ልብን እስከማቆም ይደርሳል። ከመካከላችን ነርስ የሆነች እህት ይህን አይታ በር በሩን መጠበቅ ጀመረች። ማንንም ሳታሳፍር ትቀበልና ፍሬውን ለልጆቹ ታደርገዋለች።

ፀበሉም ልክ ያስፈልገው ነበር። እጥበት ላይ ያለ ሰው የጠጣው ውኃ መውጫ የለውም፤ ሲበዛ ሳንባ ይሞላል። የንስሐ አባቱ ይህን ሲሰሙ «ተጠመቅ፣ ለበረከትም ቅመስ፤ እጥበቱን ግን አንዲት ቀን እንዳታስቀር» አሉት። አቡነ ጳውሎስ በኤች አይ ቪ ዘመን መድኃኒትና ፀበል አይጣሉም ብለው በአደባባይ መናገራቸውን የሚያስታውሱ ካህን ናቸው። በዚህ ረገድ አንድ ካህን የሚናገረው ቃል ከአሥር ሐኪም ምክር ይልቅ ይሰማል፤ ስለዚህ ማኅበርተኞች መጀመሪያ የምንሮጠው ወደ እርሳቸው ነው።

ማኅበራችን የሚካኤል ነው፤ ጽዋው በየወሩ በ12 ይወጣል። የታማሚው ተራ ወር ሲደርስ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴያችን፣ ደወሉለት። «የታኅሣሡን ለእኔ ብትለቅልኝ ምን ይመስልሃል? ልጄ ከውጭ ስለምትመጣ እኔ ቤት ይሁንልኝ።» የምትመጣ ልጅ አልነበረችም። ይህችን እግዚአብሔር ይቅር ይላታል ብዬ አምናለሁ፤ ሰውዬው አቃተኝ ሳይል፣ ተለምኖ ነው ወሩን የለቀቀው። የምናዋጣለት ገንዘብም በእጁ አይገባም። ገንዘብ ያዣችን የእጥበቱን ሂሳብ ራሷ ሄዳ ትከፍላለች፤ ማን ስንት እንዳዋጣ የተጻፈውን ከእርሷና ከእኔ በቀር የሚያየው የለም።

ሦስት ወር ሲያልፍ ጠያቂ ይሳሳል። ሰው ከፍቶ አይደለም፤ ሠርግም ለቅሶም ኑሮም አለበት። የእኔ ደብተር የሚከፈተው ያኔ ነው። ማን ያደርሰዋል፣ ማን ይመልሰዋል፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማን ይቀበላል? ትልቁ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ሚኒስትሪ እንዳይወድቅ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ማታ ማታ ሒሳብ ያስጠናዋል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደግሞ ሁለት ሴቶች ይሄዳሉ። አንዷ ከታማሚው ጋር ትቀመጣለች፣ ሌላዋ ሚስቱን ይዛት ትወጣለች። ሹሩባዋን ተሠርታ፣ ቡና ጠጥታ ትመለሳለች፤ ስለ ሕመም አይወራም። ከዚህ በፊት አስታማሚዋ ስትወድቅ ቤቱ አብሮ ሲወድቅ አይተናል።

ከሁሉ የከበደው የሰጪው ነገር ነው። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል፤ ኩላሊቱን የሚሰጠው ግን በአብዛኛው በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። እንግዲህ ቤተሰብ ተሰብስቦ ዓይኑን ሁሉ አንድ ወንድም ላይ ሲተክል አስቡት። አባታችን ጉባኤው ከመጠራቱ በፊት እያንዳንዱን ወንድምና እህት ለየብቻ አነጋገሩ። «አልችልም ማለት ኃጢአት አይደለም። ከፈራህ ለእኔ ንገረኝ፤ ማንም ምክንያት አይጠይቅህም» ይሏቸው እንደነበር በኋላ ሰማን። ማን እንደፈራ እኛም አናውቅም፣ ማወቅም የለብንም። የታወቀችው ምርመራ የጀመረችው ታናሽ እህቱ ብቻ ናት።

ምርመራው ጊዜ ይወስዳል፤ እጥበቱ እስከዚያው አይቋረጥም። ማክሰኞና ቅዳሜ አድራሽ ተገኝቶላቸዋል። የሐሙሱ መኪና ግን የነዳጅ ሰልፍ እየያዘው አስቸግሮናል፤ በመጪው 12 ጽዋው ሲወጣ መጀመሪያ የምናነሣው እርሱን ነው።