የመንገድን ጉድጓድ ስለሚመረምር የእጅ ስልክ

ከተማን ማስተዳደር ድካሙ ብዙ ነው፤ ይልቁንም የተበላሸውን ነገር ሕዝቡ ከመጮሁ አስቀድሞ ማወቅ እጅግ ያስቸግራል። የዛሬው ጥበብ ይህን ሥራ ለማቅለል ስለ ተነሣ፥ በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ የተደረገውን ለአንባቢዎቻችን መግለጥ ወደድን።

በፈረንጆች አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. ቶማስ ሜኒኖ ከንቲባ ሳሉ፥ የቦስተን ማዘጋጃ ቤት «ስትሪት በምፕ» የተባለ የስልክ ፕሮግራም ለሕዝብ አወጣ። በዘመናዊ ስልክ ውስጥ መናወጥን የሚለይ ሴንሰር አለ፤ ስልኩ ያለበትንም ስፍራ በሳተላይት ያውቃል። ባለመኪናው ስልኩን ከፊቱ አስቀምጦ ሲነዳ ጎማው ጉድጓድ ቢገባ፥ ስልኩ መናወጡን ከነስፍራው መዝግቦ ለማዘጋጃ ቤቱ ይልክ ነበር። ነጂው አቤቱታ መጻፍም ደጅ መጥናትም አልነበረበትም።

ዳሩ ግን ስልክ የሚሰማው መናወጡን እንጂ ምክንያቱን አይደለም። ጉድጓዱን ከፍጥነት መቀነሻውና ከብረት ክዳኑ ለመለየት እንዲቻል፥ በ2011 ዓ.ም. 25,000 ዶላር ሽልማት የተመደበለት ውድድር ተደርጎ መላ ተፈልጎለታል።

ከዚህ የሚከብደው ሌላ ነው። ስልኩ የሚመሰክረው ባለቤቱ ለሚሄድበት መንገድ ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ ከድኾችና ከሽማግሌዎች መካከል ዘመናዊ ስልክ የያዙት ጥቂቶች ነበሩ። እንግዲህ መዝገቡ እንዳለ ቢታመን፥ የጥገናው ገንዘብ ወደ ባለጸጎች ሰፈር ባዘነበለ፥ የድኻውም መንገድ ዝም ስላለ ደኅና ነው በተባለ ነበር። ኢዮአብ በንጉሥ ዳዊት ትእዛዝ እስራኤልን ሲቈጥር ሌዊንና ብንያምን እንዳስቀረ መጻሕፍትን የሚያውቅ ሁሉ ያስታውሳል። እርሱ ግን የንጉሡን ነገር ስለ ጠላ እያወቀ ተወ፤ ስልክ ሳያውቅ ይተዋል፥ መዝገቡን የሚያነበው ሹምም የጐደለውን አያይም። በእኛ አስተያየት ይህ ሁለተኛው ይከፋል።

የቦስተን ሹማምንት ይህን ስለ ተመለከቱ፥ መሣሪያውን በመጀመሪያ የሰጡት የከተማውን ሰፈር ሁሉ እየዞሩ መንገድ ለሚመረምሩ ሠራተኞቻቸው ነበር፤ የሕዝቡ ስልክ ተጨማሪ ምስክር ሆነ።

ሲመረመርም ያልታሰበ ነገር ተገኘ። መኪናን ከሚያናውጠው ብዙው ጉድጓድ ሳይሆን፥ ከምድር በታች ቧንቧና ሽቦ የዘረጉ ኩባንያዎች በመንገዱ ላይ ያኖሯቸው፥ ከአስፋልቱ ዝቅ ብለው የሰመጡ የብረት ክዳኖች ነበሩ። ማዘጋጃ ቤቱም ከኩባንያዎቹ ጋር ሆኖ ክዳኖቹን ማስተካከል ጀመረ።