አዲሱ ዊንዶውስ ወደ ቤተ ሰብ ኮምፒዩተር ሲገባ

በዛሬው ጊዜ በብዙ ቤት ውስጥ አንድ ኮምፒዩተር ለቤተ ሰቡ ሁሉ ያገለግላል። አባት ሒሳቡን ይጽፍበታል፤ እናት ደብዳቤዋንና የዘመድ ፎቶግራፎችን ታኖርበታለች፤ ልጆችም ትምህርታቸውን ያጠኑበታል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩን የሚያሠራው ሥርዓት፥ ይኸውም ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው፥ በተለወጠ ጊዜ ነገሩ የባለሙያዎች ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰብም ጉዳይ ስለሆነ፥ በዚህ ገጽ ጥቂት ልንጽፍበት ወደድን።

ዊንዶውስ 10 የተባለው ሥርዓት ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. ወጥቶ ዐሥር ዓመት ካገለገለ በኋላ፥ ባለቤቱ የማይክሮሶፍት ኩባንያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ጥበቃውን አቁሞበታል። ይህም ማለት ኮምፒዩተሩ በዚያው ቀን ሥራውን አቆመ ማለት አይደለም፤ እንደ ቀድሞው ይከፈታል፥ ይጽፋል፥ ያትማል። ነገር ግን ሌቦች የሚገቡበት ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር መደፈኑ ስለ ቀረ፥ ዘበኛው እንደ ተሰናበተ ግቢ ሆኗል። ስለዚህ መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. የወጣውን ዊንዶውስ 11ን ችላ ብሎ የቆየው ቤተ ሰብ ሁሉ አሁን ሊያስብበት ግድ ሆነበት። እኛም ጥቂት ሳምንት ሠርተንበት ያየነውን ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

መጀመሪያ ዐይን የሚያርፈው በመልኩ ላይ ነው። የመስኮቶቹ ማዕዘን ክብ ሆኗል፤ ቀለሙም ለስለስ ብሏል። ከሁሉ ይልቅ እንግዳ የሚሆነው ግን ከነሐሴ 1987 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ማለት ከዊንዶውስ 95 ወዲህ፥ በስተግራ በታችኛው ማዕዘን የኖረው ስታርት የሚባለው ቁልፍ ወደ መካከል መዛወሩ ነው። ኩባንያው በጥቅምት 2005 ዓ.ም. በዊንዶውስ 8 ይህንኑ ቁልፍ ጨርሶ አንሥቶት፥ ሕዝቡ ቢያጉረመርም በዓመቱ እንደ መለሰው የሚያስታውስ ሰው የአሁኑን ለውጥ ቀላል ነው ይለዋል። ሆኖም እጅ የለመደውን ቶሎ አይተውም። ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆች ባሉበት ቤት ቁልፉን ወደ ቀድሞ ቦታው መመለስ ይሻላል፤ ይኸውም በታችኛው መስመር ባዶ ስፍራ ላይ የማውሱን ቀኝ ተጭኖ፥ የታስክባሩን ማስተካከያ ከፍቶ፥ አሰላለፉን ወደ ግራ ማድረግ ነው። ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም።

ያልወደድነውም አለ። በአንድ ጽሑፍ ላይ የማውሱን ቀኝ በተጫኑ ጊዜ የሚወጣው ዝርዝር አጥሮ፥ የቀረው ትእዛዝ ከበስተኋላ በሁለተኛ ዝርዝር ተሸሽጓል። ዕለት ዕለት ለሚሠራ ሰው ይህ ያሰለቻል። በአንጻሩ ሁለት መስኮቶችን ጎን ለጎን የሚያሰልፈው አዲስ ዘዴ እጅግ ደስ አሰኝቶናል፤ ተማሪው በአንድ ወገን ትምህርቱን እያነበበ በሌላው ወገን መልሱን ይጽፋል።

የአማርኛውን ነገር ለሚጠይቁን፦ የፊደላችን ሰሌዳ አብሮት አለ፤ ከቋንቋ ማስተካከያው አማርኛን መጨመር ብቻ ይበቃል። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ የተባለው የፊደል ቅርጽ ግን አሁን በተጨማሪነት የሚጫን ሆኗል፤ ስለዚህ በኒያላ የተጻፈ የቆየ ደብዳቤ ሲከፈት መልኩ ቢለወጥ፥ ጽሑፉ ጠፋ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም።

ከመልኩ ሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነው። የቤት ተጠቃሚ እትም ገና ሲጫን ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት ሒሳብ፥ ማለት በኢሜይልና በይለፍ ቃል የተመዘገበ ስም፥ ይጠይቃል። በ2017 ዓ.ም. ከወጣው እትም ወዲህም በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ፥ ወይም ከሥሩ ታድሶ በተጫነ ላይ፥ ዲስኩ በራሱ ይመሰጠራል፤ የመክፈቻውም ቁጥር በዚያው ሒሳብ ውስጥ ይቀመጣል። ዕቃው ቢሰረቅ ሌባው ምንም ስለማያነብ ይህ መልካም ጥበቃ ነው። ነገር ግን ሒሳቡን ሠፈር ያለ ጠጋኝ በራሱ ኢሜይል ከፍቶት እንደ ሆነ፥ ወይም ልጅ ከፍቶት የይለፍ ቃሉን ረስቶት እንደ ሆነ፥ ኮምፒዩተሩ አንድ ቀን ያንን ቁጥር ሲጠይቅ የሠርጉም የክርስትናውም ፎቶግራፍ ተቆልፎ ይቀራል። ስለዚህ ሒሳቡ በቤቱ ባለቤት ስም ይከፈት፤ ቁጥሩም በወረቀት ተጽፎ ከቤቱ ሰነዶች ጋር ይቀመጥ። ደግሞም ሥርዓቱ ሰነዶችንና ሥዕሎችን ዋንድራይቭ ወደሚባለው የኢንተርኔት ማኅደር ለመላክ ይጋብዛል፤ በነጻ የሚሰጠው 5 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነና የኢንተርኔት ጥቅልም ስለሚበላ፥ ሳያነቡ እሺ ማለት አይበጅም።

አሁን ብዙ ሰው የሚያስጨንቀው ጥያቄ ቀርቶናል፤ ይኸውም ያለን ኮምፒዩተር አዲሱን ይቀበለዋልን? የሚል ነው። ሥርዓቱ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ይፈልጋል፤ እንደ እኛ አስተያየት ከ8 ጊጋባይት ራም በታች ያለው መንፏቀቁ አይቀርም። ከዚህም በቀር ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለ የጥበቃ ክፍልና ከተፈቀዱት ወገን የሆነ ፕሮሰሰር ግድ ስለሆነ፥ ከ2010 ዓ.ም. በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ ጤናማ ሆነው ሳሉ ይከለከላሉ። ይህ ለአንድ የመምህር ወይም የጸሐፊ ቤት ቀላል ነገር አይደለም፤ ገና የሚሠራ ዕቃ ጥሎ ሌላ መግዛት የወራት ቁጠባ ይፈጃል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የኩባንያው መመርመሪያ ፕሮግራም ይሞከር፤ አንዳንድ ጊዜ ክፍሉ በውስጡ እያለ ተዘግቶ የሚገኝ ስለሆነ ባለሙያ ሊከፍተው ይችላል።

ያም ካልሆነ ኩባንያው ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚዘልቅ ተጨማሪ የጥበቃ እድሳት ለዊንዶውስ 10 አቅርቧል። ከዚያ ወዲያ ለማቆየት ለሚሻ ደግሞ በነጻ የሚገኘው ኡቡንቱ አለ፤ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የወጣው እትሙ እስከ 2021 ዓ.ም. ድረስ ጥበቃ ይደረግለታል። የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ሁሉ አይሠሩበትም፤ ለደብዳቤ፥ ለንባብና ለኢንተርኔት ግን ይበቃል። ዲስኩን ሳይነኩ ከፍላሽ አስነሥቶ መሞከር ስለሚቻልም፥ ቤተ ሰቡ አንድ ቅዳሜ ተቀምጦ ሊያየው ይችላል፤ ካልወደደው ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ፍላሹን ይንቀል።