የጎማ ግፊት መለኪያ አመራረጥ፦ ትክክለኛነትና ተአማኒነት



ገለጻዬን በአንድ የግል ገጠመኝ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤተሰቤን ይዤ ወደ አዋሽ ለመውረድ ስዘጋጅ፣ የሰፈራችን ጎሚስታ ጎማዎቹን ሞልቶ «ሁሉም 32 ፒኤስአይ ነው» ብሎ ሸኘኝ። በራሴ መለኪያ አንዱን ብለካው 26 አለ። ከጎረቤት የተዋስሁት ደግሞ 30 አነበበ። ጎማው አንድ፣ ምስክሮቹ ግን ሦስት ሆኑብኝ። ጎሚስታውን በልቤ ከሰስሁት፤ ጉዞውንም ለማግሥቱ አስተላለፍሁ።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ግፊቱ የጎደለ ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፤ መታጠፉ ሙቀት ይወልዳል፤ ሙቀቱም በረጅም ጉዞ ጎማውን እስከ ማፈንዳት ሊደርስ ይችላል። ከልክ በላይ የተነፋው ደግሞ መንገዱን በመሃሉ ብቻ ስለሚይዝ መሃሉ ቀድሞ ያልቃል።

እንግዲህ ሁለት ጽንሰ ሐሳቦችን እንለይ። ትክክለኛነት ንባቡ ለእውነተኛው ግፊት ያለው ቅርበት ነው። ተአማኒነት ግን ያንኑ ግፊት ደጋግመን ስንለካ ያንኑ መልስ ማግኘታችን ነው። ሁልጊዜ 2 የሚጨምር መለኪያ 2 ቀንሰን ልንገለገልበት እንችላለን፤ ዛሬ 2 ጨምሮ ነገ 3 የሚቀንሰውን ግን ማረሚያ የለውም።

በገበያ የምናገኛቸው ሦስት ዓይነት ናቸው። እስክሪብቶ መሰሉ በሞላ ይሠራል፤ ርካሽ ነው፤ አቧራና ሰበቃ ግን ንባቡን ያዛቡታል። ባለ ቀስቱ በአብዛኛው የሚሠራው ፈረንሳዊው ዩጂን ቡርዶን በ1849 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ባስመዘገበበት ጥምዝ ቱቦ ነው፤ ግፊት ሲገባበት ቱቦው ይዘረጋና ቀስቱን ያዞራል። ጠንካራ ምት ግን ቱቦውን ወይም ጥርሶቹን ያበላሻል። ዲጂታሉ እስከ አሥረኛ ክፍልፋይ ያሳያል፤ ሆኖም ብዙ አኃዝ ማሳየት ትክክል ከመሆን ጋር አንድ አይደለም።

ስትገዙ የልኬቱን ጣሪያ ተመልከቱ። የባለ ቀስት መለኪያ ስሕተት ብዙውን ጊዜ የሚገለጸው በጣሪያው መቶኛ ነው። ጣሪያው 160 ፒኤስአይ፣ ስሕተቱ 2 በመቶ የሆነ መለኪያ በየትኛውም ንባብ 3.2 ሊስት ይችላል፤ ይህም ለ32 ፒኤስአይ አንድ አሥረኛ ነው። ጣሪያው 60 የሆነው ግን በዚያው 2 በመቶ ከ1.2 አያልፍም። ስለዚህ ለቤት መኪና፣ የምትፈልጉት ግፊት ከጣሪያው አጋማሽ አካባቢ የሚውልበትን ምረጡ።

ከገዛችሁ በኋላ ፈትኑት። ባለ ቀስት ከሆነ ከጎማው ሲነቀል ቀስቱ ዜሮ ላይ ያርፍ። አንድን ጎማ አምስት ጊዜ አከታትላችሁ ለኩ፤ ንባቦቹ ከተራራቁ መልሱት። በየጊዜውም በካሊብሬሽን ከተረጋገጠ መለኪያ ጋር አስተያዩት። ስትለኩ ጎማው ቀዝቃዛ ይሁን፤ የምትፈልጉት ግፊት በሾፌሩ በር ክፈፍ ላይ የተጻፈው እንጂ በጎማው ጎን የተቀረጸው ከፍተኛ መጠን አይደለም።

ወደ ገጠመኜ ልመለስ። በማግሥቱ ያንኑ ጎማ በቤተ ሙከራችን በተረጋገጠ መለኪያ ስለካው 31 ሆነ። ጎሚስታውና ጎረቤቴ ለእውነቱ ቅርብ ነበሩ፤ ሐሰተኛው ምስክር ከዓመታት በፊት ከእጄ ወድቆ የነበረው የእኔው መለኪያ ነበር። እርሱን አምኜ እስከ 32 ብሞላ ኖሮ፣ ጎማዬ ወደ 37 ተነፍቶ ልጆቼን አሳፍሬ እወርድ ነበር። መለካትን የማስተምረው እኔ፣ ያልፈተንሁት የራሴን መሣሪያ ብቻ ነበር።